አፈር ለቀማ

ቡና ለቃሚ ነኝ። ዲላ ላይ እንዲህ ሲባል ከዛፍ የሚለቅመው ገበሬ እንዳይመስላችሁ። የእኛ ለቀማ መጋዘን ውስጥ ነው። ገለባው ተቀሽሮ የመጣውን ቡና ፊታችን ላይ እናፈሳለን፤ የተሰበረውን፣ የነቀዘውን፣ የጠቆረውን፣ ጠጠሩን በጣታችን እያወጣን እንጥላለን። ደህናው ጆንያ ገብቶ ባሕር ይሻገራል። የተጣለው እኛው ጋ ይቀራል። ብዙ ዘመን ስለተቀመጥኩበት ዓይኔ ባያይ እንኳ ጣቴ ያያል።

ፊደል የቆጠርኩትም እዚያው ነው። ትምህርት ቤት አልገባሁም። ጆንያው ላይ የታተመውን እያየሁ "ይቺ ማን ናት? ይቺኛዋስ?" እያልኩ አጠገቤ ያለችውን ሴት ሳሰለች ከረምኩና አንድ ቀን ተነበበልኝ። ቆይቼም መጻፍ ጀመርኩ። ስለዚህ አጻጻፌ ወሬ ወሬ ቢላችሁ ታገሡኝ፣ ወሬ እወዳለሁ። ይሄኛው ወሬ ግን የሚያስቅበት ቦታ ትንሽ ነው።

ያቺን ያሰለቸኋትን ሴት ሁላችንም "እትዬ" ነው የምንላት። ወላጆቿ ከጉራጌ አገር መጥተው ዲላ ሱቅ የከፈቱ ናቸው። ሱቁ ቢዘጋም የሱቅ ምላሷ አልተዘጋም። ከማንም ጋር ትቀልዳለች፤ ለቅሶ ቤት ሄዳም ቢሆን መጀመሪያ ታስለቅሳለች፣ ቀጥላ ታስቃለች።

የመጋዘኑ ቡና አልቆ አዲሱ ሳይደርስ ሥራ የሚጠፋበት ጊዜ አለ። በዚያ ሰሞን ነው አንድ ሰው መጥቶ በራችን ላይ የቆመው። ትራንዚተር ነው፤ የጉምሩክና የወደብ ጉዳይ የሚጨርስ ማለት ነው። ከአዲስ አበባ የመጣ ነው፣ ስልኩ ከጆሮው አይወርድም።

"ለቀማ የሚችሉ ሴቶች እፈልጋለሁ" አለ።

"የየት ቡና ነው?" አለችው እትዬ።

"ቡና አይደለም። አፈር ነው።"

ሳቅን።

"አፈሩን ለቅመን ምን ልናደርገው ነው? ልንቆላው?"

እሱ አልሳቀም። ስልኩን ኪሱ ከተተና አስረዳን። የአካባቢያችንን መንገድ የሠራው የውጭ አገር ድርጅት ሥራውን ጨርሷል። ማሽኖቹ ሲገቡ ሥራው ሲያልቅ ተመልሰው ይወጣሉ ተብሎ ነው የገቡት። አሁን በጅቡቲ በኩል በመርከብ ወደ ሌላ አገር ይሄዳሉ፣ እዚያም ሌላ መንገድ ይሠራሉ። ያ አገር ታዲያ የሰው አገር አፈር አይቀበልም። በአፈሩ ውስጥ የአረም ዘር አለ፣ ትል አለ፣ የሰብል በሽታ አለ ይላል። ማሽኑ ላይ ጥፍር የምታህል ጭቃ ከተገኘች መርከቡ አይጭነውም፤ ቢጭነውም ከዚያ ወዲያ ያሉት ይመልሱታል። የላቫጆ ውኃ ደግሞ የውጭውን እንጂ በብረት መሐል የገባውን አያወጣም።

"በሠራተኞቼ ሞከርኩት። ያጥባሉ፣ አለቀ ይላሉ፣ ካቻቪቴ ስሰድበት አፈር ይወጣል። አንድ ሰው 'ቡና ለቃሚዎችን ጥራ' አለኝ።"

"ደግ ሰው ነው የመከረህ" አለችው እትዬ። "ባሕር የሚሻገር ነገር መልቀም እኛ ነን የለመድነው። ለእኛ ግን ምን ይተርፈናል? ከቡናው ግርዱ ይተርፈናል። ከዚህስ?"

"አፈሩን ውሰዱት" አለ።

የድርጅቱ ግቢ ከከተማው በደቡብ፣ ወደ ይርጋ ጨፌ መውጫ ነው። በሩ ላይ ጥበቃ አለ። ውስጡ ሮለሩ፣ ግሬደሩ፣ ድንጋይ የሚፈጨው ክሬሸር ተፈታትቶ፣ ሁሉም ተደርድረዋል። ከሁሉም የሚበልጠው ግን ተራራ የሚቆርጠው ኤክስካቫተር ነው። እጁንና አካፋውን ፈትተው ጎኑ አስተኝተውታል፤ እሱ ለብቻው በሌላ መኪና ይጫናል። ሆዱና እግሩ ሎቤድ በሚባለው ዝቅ ያለ ረጅም ተሳቢ ላይ ነው የሚወጣው። ተፈትቶም እንኳ ጎኑ ከአስፋልቱ ግማሽ ይተርፋል። ለብቻው የጉዞ ፈቃድ ያስፈልገዋል፣ ፊትና ኋላው አጃቢ ፖሊስ ያስፈልገዋል፣ የመብራት ሽቦ በእንጨት እያነሣ የሚያሳልፈው ሰው ያስፈልገዋል። ትራንዚተሩ ይሄን ሁሉ ሲነግረን እኔ ጆሮዬ እሱ ጋ አልነበረም።

የማሽኑ መስኮት ላይ ከፌሮ የተበየደ ፍርግርግ ነበር። ከፌሮዎቹ አንዱ ተጣሞ ወደ ውስጥ ገብቷል። ያንን የተጣመመ ፌሮ አውቀዋለሁ። ሌላ የማየው ነገር አጥቼ እሱን ብቻ ሳይ የዋልኩበት ጊዜ ነበር።

ወንድሜ የእናቴ የመጨረሻ ልጅ ነው። አባታችን ቀደም ብሎ አርፏል። እኔ ባል አግብቼ ወደ ዲላ ስወርድ እሱ ደጋው ላይ ቡሌ ከእናቴ ጋር ቀረ። ደገኛ ነው፣ ዝምተኛ፣ ሲስቅ አፉን በእጁ የሚሸፍን። ዝናቡ አላቆም ብሎ በሰነበተበት ክረምት፣ አንድ ጠዋት ከቤታችን በላይ ላለው እንሰት የውኃ መሄጃ ሊከፍት ወጣ። ተራራው ተነሣ፤ ተንዶ ወረደበት። እናቴ ደጃፍ ላይ ቆማ አይታዋለች። ድምፅ እንኳ አልነበረውም ትላለች። እንደ ላም ቀስ ብሎ ተነሣ፣ እንደገና ተኛ፣ ስትል ነው የምትናገረው።

መንገድ ሠሪዎቹ ያን ጊዜ ከመንደራችን ታች ነበሩ። ጎረቤት ሮጦ ለመናቸው፣ ኤክስካቫተሩን ላኩልን። እኔም ከዲላ ደረስኩ። እኛ ሴቶቹ ከማዶ ቁጭ አልን፤ ማሽኑ ይቆፍራል። ነጂው የሌላ አገር ልጅ ነው፣ ከመካከላችን የሚያውቀው ሰው የለም። በዚያን ያህል ብረት አፈሩን በማንኪያ እንደሚጨልፍ ሰው ቀስ እያለ ነበር የሚያነሣው። በነጋታውም እንዲሁ። እኔ ወደ ጉድጓዱ ማየት ስላልቻልኩ ያንን የተጣመመ ፌሮ አያለሁ። ኋላ ላይ ከላይ ያለው ገደል እንደገና አፈር መርገፍ ጀመረ። ሽማግሌዎቻችን ሶንጎ ላይ፣ ዘወትር ነገር በሚመክሩበት በትልቁ ዛፍ ሥር፣ ተቀመጡና "ለተኛው ብለን የቆመውን አንቀብርም፤ ይብቃ" አሉ። ነጂው ሞተሩን አጠፋ። ወንድሜ እዚያው ቀረ።

እድሩ ድንኳንና ቋሚ ተሸክሞ እናቴ ደጅ መጣ።

"ለማን ነው የምትተክሉት?" አለቻቸው።

"እማማ፣ ለልጅሽ ነዋ።"

"ቀበራችሁት?"

ቋሚውን ከትከሻቸው አወረዱ።

"አልሞተም አላልኩም" አለች እናቴ። "አላየሁትም ነው ያልኩት። ያላየሁትን አላለቅስም።"

ቋሚውን ተሸክመው ተመለሱ። ያን ዓይነት ነገር ቡሌ ላይ ታይቶ አይታወቅም።

አማርኛ እርም ማውጣት የሚለው ነገር አለ። ሰው ሩቅ አገር ቢሞት፣ ሬሳው ባይገኝም፣ ልብሱን ዘርግተው አልቅሰው እርሙን ያወጡለታል። እርሙ ካልወጣ ሐዘኑ ከቤት አይወጣም። ልብሱን እንዘርጋለት ብለን ለመንናት። ልብሱን አጥባ አጥፋ ሳጥን ውስጥ ከተተችውና ሳጥኑ ላይ ተቀመጠችበት። የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌ መጥተው "እሱ እኮ ከጌታ ጋር ነው" ቢሏት፣ "እሱን አውቃለሁ። እኔ ከማን ጋር ነኝ?" አለቻቸው። ሰው "እግዚአብሔር ያጽናሽ" ሲላት "አሜን" አትልም። "ማንን ቀብሬ?" ትላለች።

የባሰው ከዚያ በኋላ የመጣው ነው። የራሷን ያላለቀሰች ሴት የሰው ለቅሶ ምን ብላ ትሄዳለች? ቀረች። ጎረቤቷ ባሏ ሞቶ ድንኳን ተተክሎ፣ እናቴ አጥር ለአጥር ሆና በሯን ዘግታ ዋለች። ሰው ቂም ያዘ። ለቅሶ ያልደረሰን ለሠርግም አይጠራም። ቆይቶ ደግሞ እሳት የሚጫር ጎረቤት፣ ገበያ ሲወጣ ድምፁን የሚያሰማ ሰው ጠፋ። ልጠይቃት በሄድኩ ቁጥር ድምፅዋ ይቀንሳል፤ የሚያናግራት ሰው ስለሌለ ሳይሆን አይቀርም። ዲላ ውረጂ፣ ከእኔ ጋር ኑሪ ብላት "እሱ ቢመጣ ቤቱን ዝግ ያገኘዋል" ትላለች። እንደማይመጣ እያወቀች ነው የምትለው። ወንድሜን አፈር ወሰደው፤ እናቴን ደግሞ ዝምታው ቁጭ ብሎ እየበላት ነበር።

ወንድሜ ጋ እዚያ ድረስ የገባ ነገር ይሄ ብረት ብቻ ነው። እሱም አሁን ባሕር ሊሻገር ነው።

"ምነው ደርቀሽ ቀረሽ?" አለችኝ እትዬ።

ነገርኳት። የራስ መሸፈኛዋን አጥብቃ አሰረችና "ነይ፣ እኔና አንቺ እሱን እንያዘው" አለች። "ሌላ ሰው አይነካውም።"

ተንጋለን ሥሩ ገባን። የሚሄድበት የብረት ሰንሰለት ሰው ያክላል፤ በሰንሰለቱና በመንኮራኩሮቹ መሐል ያለው ክፍተት ደግሞ እጅ ብቻ ነው የሚያስገባው። ካቻቪቴና የሽቦ ብሩሽ ይዘን እንቆረቁራለን፣ የላላውን በጣታችን እናወጣለን። ከላይ ያለው የክሬሸሩ ነጭ አቧራ ነው። ከሥሩ አስፋልት የያዘው ጥቁር ጓል አለ። ከሱ ሥር ቀዩ መጣ፤ ይርጋ ጨፌ በኩል ያሉት ጨለለቅቱም ኢዲዶም እንዲህ ያለ ቀይ አፈር ነው ያለው። ከሁሉ በታች፣ የውኃ ግፊት በማይደርስበት ጥግ፣ እንደ ድንጋይ የደረቀ ጠቆር ያለ አፈር ነበር። ሳነቃንቀው ተቆርሶ እጄ ላይ ወደቀ። በውስጡ ቃጫ ነበረበት፣ የእንሰት ቃጫ።

ይሄ የወንድሜ አፈር ነው ብዬ ልምልላችሁ አልችልም። እንሰት በጌዴኦ የሌለበት ደጅ የለም። ማሽኑ ከዚያ ወዲህ ስንት ቦታ ቆፍሯል። እኔ ግን እጄ ላይ እንደያዝኩት ቀረሁ።

"ቀሪውን አትንኪው" አለች እትዬ። "እናትሽ ትምጣና በእጇ ታውጣው።"

ደወልኩ። እናቴ ስልክ ስታነሣ አትናገርም፣ ትንፋሿን ነው የምሰማው።

"እማዬ፣ የዚያን ጊዜው ማሽን እዚህ ነው። ከአገር ሊወጣ ነው። እግሩ ውስጥ አፈር አገኘሁ፣ የኛ አገር አፈር ይመስለኛል። ላምጣልሽ?"

የተቀመጠችበት ሳጥን ሲንቋቋ ሰማሁ፤ ተነሣች።

"አታምጪልኝ" አለች በቋንቋችን በጌዴኡፋ። "ሰው ለቅሶ ይሄዳል እንጂ ለቅሶ በላስቲክ ተቋጥሮ አይመጣለትም። መቼ ነው የሚሄደው?"

"ነገ ይጭኑታል።"

"ወደየት?"

"ባሕር ማዶ።"

"ባሕር" አለች። ባሕር አይታ አታውቅም፣ እኔም አላየሁም። "እመጣለሁ" ብላ ዘጋችው።

ትራንዚተሩ ጋ ሄድኩ። እናቴ እስክትደርስ ያቺን ጥግ እንዳትነኩብኝ፣ ጭነቱንም ትንሽ አቆዩልኝ አልኩት። ስልኩን ከጆሮው አንሥቶ እስከ መጨረሻው ሰማኝ፤ ይሄን አልክድበትም።

"እህቴ፣ የአጃቢው ፈቃድ የነገ ብቻ ነው። ፈታሹ ደግሞ ነገ ጠዋት ይመጣል። አንዲት ጥግ አፈር ካገኘ ሙሉ ማሽኑን ይጥለዋል። መርከቡ ማንንም አይጠብቅም።" ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገ። "ፍተሻው ካለፈ በኋላ ትድረስ፣ አስገባታለሁ። አፈሩን ግን ማትረፍ አልችልም።"

ማታ ቡሌ ላይ ዘነበ። ጠዋት ከዚያ መኪና እንደማይወጣ ሰማሁ። እናቴም ስልኳን አታነሣም። ፈታሹ መጣ፣ ነጭ ጓንት አድርጎ። ከሱ መምጣት በፊት ያቺን ጥግ እኔው ራሴ አወጣኋት። ሌላ ሰው እንዲያወጣት አልፈለግሁም። እናቴ በላስቲክ አታምጪልኝ ስላለች፣ ትናንት እጄ ላይ የወደቀችውን ቁራሽ እንኳ አላስቀረሁም። እትዬ ውኃውን ያዘችልኝ። ጠቆር ያለው አፈር ሟሟ፣ ቀጠነ፣ ከክሬሸሩ አቧራና ከቀዩ ጋር ተደባልቆ በቦዩ ወደ ታች ሄደ። ፈታሹ ጣቱን በየቀዳዳው እየሰደደ አየ፣ ጓንቱን ገልብጦ ተመለከተና ራሱን ነቀነቀ። አለፈ።

ሎቤዱ ገባ። ሾፌሩ የድሬዳዋ ሰው ነው፣ ሸምገል ያለ፣ ጫቱን በላስቲክ ይዞ፣ ለሁሉም ሰው "አቦ" እያለ። ማሽኑ በራሱ እግር ቀስ ብሎ ተሳቢው ላይ ወጣ። በሰንሰለት ጠፍረው አሰሩት፣ ሸራ አለበሱት፣ ስፋቱ እንዲታይ ግራና ቀኝ ጎኑ ላይ ቀይ ጨርቅ አንጠለጠሉ። ቀና ብዬ በሩን አያለሁ፣ እናቴ የለችም።

የፖሊሱ መኪና ሞተሩን ካስነሣ በኋላ ነው የጥበቃውን ድምፅ የሰማሁት።

"እማማ፣ እንዲህ ሆነሽ አትገቢም።"

እስከ ጉልበቷ ጭቃ ነች። ከንጋት በፊት ተነሥታ በእግሯ ወርዳ፣ የቀረውን በሰው ሞተር ሳይክል ነው የመጣችው። ጥበቃው ክፉ ሰው አልነበረም፤ ማሽኑ ተፈትሿል፣ ጭቃ ይዞ የሚጠጋው ሰው የለም ተብሎ ታዟል። እናቴ እግሯን አየች፣ ማሽኑን አየች። እትዬ የላቫጆውን የውኃ ጎማ አመጣች፣ ግፊቱን አስቀነሰች፣ ተንበርክካ እግሯን ታጥብላት ጀመር።

"እማማ፣ እግርሽ ቀዝቅዟል" አለቻት።

"ደግ ልጅ ነሽ። ማን ነሽ?"

"ከልጅሽ ጋር ነው የምሠራው። አስቸጋሪዋ እኔ ነኝ።"

እናቴ ፈገግ ለማለት ሞከረች። ከዚያ እግሯን ታጥባ ገባች። አጠገቧ ሆኜ "እማዬ፣ አፈሩ የለም፣ ቀድመው አሳጠቡን" ብዬ ልነግራት አፌን ስከፍት እጇን አነሣችብኝ። ተሳቢውን በእርጋታ ዞረችው። ሰንሰለቱን ነካችው፣ ሸራውን ገለጥ አድርጋ ብረቱን በመዳፏ አሸችው። መዳፏን አየችው፣ ምንም አልነበረበትም።

"እናንተ ናችሁ ያጠባችሁት?" አለችኝ።

"አዎ።"

"በእጃችሁ?"

"በእጃችን።"

"ንጹሕ አድርጋችኋል" አለች።

ከዚያ ነጠላዋን ከትከሻዋ አወረደች፣ አዘቅዝቃ፣ ጥለቱን ወደ ላይ አድርጋ ለበሰችው። ሐዘንተኛ ብቻ ነው እንዲህ የሚለብሰው። ወንድሜ ከሄደ ጀምሮ አድርጋው አታውቅም። የገባኝ ያን ጊዜ ነው፤ እኛ ዘንድ ከመንገዱ በፊት ታጥቦ፣ ተጠቅልሎ፣ ታስሮ፣ ሰው አጅቦት የሚወጣው ማን እንደሆነ ሁሉም ሰው ያውቃል።

ትራንዚተሩ ግራ ገባው።

"እናቴ፣ ይሄ እኮ ማሽን ነው።"

"አውቃለሁ ልጄ" አለችው በአማርኛ። "አላበድኩም። ልሸኘው ነው።"

ሎቤዱ ተነሣ፣ እሷ ከኋላው ተነሣች። እኔ አጠገቧ፣ እትዬ ከጎኔ፣ ለቃሚዎቹ ሴቶች የሥራ ልብሳቸውን እንደለበሱ ከኋላችን። እንዲህ ያለ ጭነት ከተማ ውስጥ እንደ ሰው እግር ነው የሚሄደው። ፊት ፊት ሁለት ሰዎች ረጅም እንጨት ይዘው የመብራቱን ሽቦ ያነሡለታል፤ ሽቦ በደረሰ ቁጥር ይቆማል፣ ያልፋል፣ እንደገና ይቆማል። እኛም አብረን እንቆማለን፣ እንሄዳለን። እትዬ ቀስ ብላ ማልቀስ ጀመረች። ከኋላ ያሉት የኛ ቤተ ክርስቲያን ልጆች ደግሞ መዝሙር በዝግታ አነሡ። እናቴ ዝም ብላለች።

ዲላ ቀብር ስታይ ምን እንደምታደርግ ታውቃላችሁ። ባጃጆቹ ዳር ያዙ። ባለሱቆቹ በራቸውን ገርበብ አደረጉ። የቆመ ሰው ባርኔጣውን አወለቀ፣ የሚሄድ ሰው ዞሮ ተከተለ። ሸራ የለበሰ ረጅም ነገር፣ ከፊቱ ፖሊስ፣ ከኋላው ነጠላዋን ያዘቀዘቀች አሮጊት ያየ ሰው ሌላ ምን ይገምታል? ገበያው ጋ ስንደርስ ወደ ኋላ ዞሬ ባይ መንገዱ ሞልቷል። አብዛኛውን ሰው በመልክም አላውቀውም። ትራንዚተሩ በጎን እየሮጠ ለአጃቢው ፖሊስ አንድ ነገር ይነግረዋል፣ ፖሊሱ በመስኮት ብቅ ብሎ ሰዉን ያያል፣ ሬዲዮውን ያነሣል፣ መልሶ ያስቀምጣል። ኋላ ትራንዚተሩ ራሱ እንዳወራን፣ ለሾፌሩ "ትንሽ ፈጠን በልና ይቅሩ" ብሎት ነበር። ሾፌሩ "አቦ፣ ከኋላዬ ለቅሶ እያለ ነዳጅ አልረግጥም" አለው።

ከረባት ያደረገ አንድ ሰው፣ መሥሪያ ቤት የሚሠራ ይመስለኛል፣ አጠገቤ መጣ።

"እህቴ፣ ማን ነው ያረፈው?"

"ወንድሜ።"

"እግዚአብሔር ያጽናሽ። መቼ?"

"ቆይቷል" አልኩት።

ተሳቢውን አየ። "አስከሬኑ እዚያ ላይ ነው?"

"አይደለም። ማሽን ነው። ፈልጎት የነበረ ማሽን ነው።"

የሚመለስ መስሎኝ ነበር። እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ፣ አንገቱን ደፍቶ፣ አብሮን መሄዱን ቀጠለ።

ከከተማው ማለቂያ፣ ወደ ሐዋሳ መውጫው ላይ ሽቦው አለቀ። እንጨት የያዙት ሰዎች ወደ ዳር ወጡ። ከዚያ ወዲያ መኪናው በራሱ ፍጥነት ነው የሚሄደው። ሾፌሩ አቆመና ወረደ። ጫቱን ከጉንጩ አውጥቶ ጣለ፣ አፉን ተጉመጠመጠ፣ እናቴ ፊት መጥቶ ቁጢጥ አለ።

"እናቴ፣ እዚህ ነው የሚሸኘው። ከዚህ በኋላ እኔ አለሁ።"

"እስከየት ነው አንተ ያለኸው?"

"እስከ ጅቡቲ። እስከ ባሕሩ።"

"ከዚያስ?"

"ከዚያ መርከብ ነው።"

"መርከቡ ላይ ሰው አለ?"

"አለ።"

"ጥሩ ሰው ነው?"

ሾፌሩ ዋሽቶ ሊያጽናናት ይችል ነበር። "እንጃ እናቴ" አላት። "አላውቃቸውም። ባሕሩ ግን ትልቅ ነው፣ እኔ ሳየው ሁልጊዜ ዝም ነው የምለው።"

እናቴ ራሷን ነቀነቀች። ተሳቢው ጠርዝ ላይ እጇን አሳረፈች። ሾፌሩ ተመልሶ ወጣ፣ ሞተሩ ሲነሣ ብረቱ በእጇ ሥር ተንቀጠቀጠ፣ ከዚያ እጇን ጥሎ ሄደ። እጇ አየር ላይ ቀረ።

ያን ጊዜ ጮኸች። እንዲህ ያለ ድምፅ እንዳላት አላውቅም ነበር፤ በዚያ ሁሉ ዝምታ ውስጥ የት አስቀምጣው እንደኖረች እንጃ። ወንድሜን በልጅነቱ በምትጠራው ስም ጠራችው። ማንም የማያውቀውን፣ እኔ እንኳ የረሳሁትን ስም። መንገዱ ዳር አፈሩ ላይ ቁጭ አለች፣ ደረቷን መታች። ተራራው እንዴት እንደተነሣ፣ እንዴት እንደተኛ፣ ውኃ መሄጃ ልክፈት ብሎ ሲወጣ ቁርስ እንዳልበላ፣ ሁሉንም በጌዴኡፋ እያወጣች አለቀሰች። ሰዉ ከፊሉ ቋንቋውን አይሰማም። ቢሆንም ሁሉም አለቀሰ። እትዬ ከጎኗ ተቀምጣ ክንዷን ይዛታለች። እኔ ማልቀስ አቃተኝ፤ እሷን ስሰማ ብቻ ነበርኩ።

ሎቤዱ ከመንገዱ ጥምዝ ዞሮ ቀዩ ጨርቅ ታየና ጠፋ። ማንም ሰው አልተነሣም። እዚያው መንገድ ዳር፣ ድንኳን በሌለበት፣ ሰዉ ተሰልፎ ወደ እናቴ ይመጣ ጀመር። መጀመሪያ የደረሰው ያ ከረባት ያደረገው ሰው ነው። ጎንበስ ብሎ እጇን ያዘ።

"እግዚአብሔር ያጽናዎት፣ እናቴ።"

እናቴ ቀና ብላ አየችው።

"አሜን" አለች።

የሚቀጥለው ሰው ጎንበስ አለ።